በጎንደር ታላቅን መቀበልና እጅ መንሣት

አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻቸው ባደረጓት ጎንደር ሰላምታ የሚጀምረው ከመቀመጫ በመነሣት ነው። ታላቅ ሰው ወደ ቤት ሲገቡ የያዙትን ሲኒ ያስቀምጡ፤ ነጠላዎን ወይም ጋቢዎን አስተካክለው ቀጥ ብለው ይቁሙና «ኖር!» ይበሉ። እንግዳው «በእግዜር! ተቀመጡ» ብለው ቦታ እስኪይዙ ድረስ አይቀመጡ። ከወንበር ብድግ ለማለት ያህል ተነቅንቆ መልሶ መቀመጥ «ኖር» ከሚለው ቃል ጋር አይሄድም፤ ዛሬ ዛሬ ይህ እየተለመደ መምጣቱ ከልብ ያሳዝነኛል።

እጅ ሲነሡ ከወገብዎ ጎንበስ ይበሉ፤ ኮፍያ ካለ ያውልቁ። ቀኝ እጅዎን ሲዘረጉ ግራ እጅዎ የቀኙን ክንድ ከክርኑ አጠገብ ይደግፍ፤ እጅዎ ሊጥ ወይም ውኃ ከነካው ደግሞ አንጓዎን ያቅርቡ። ቃሉ እንደ ሰዓቱ «እንደምን አደሩ»፣ «እንደምን ዋሉ» ወይም «እንደምን አመሹ» ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን መልስ ሰምተው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ከገጠር ለመጡ ደግሞ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው በየተራ ይጠይቁ፤ ይህን ለማሳጠር አይቸኩሉ። በአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም አባት ቢያገኙ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ይጀምሩ።

ለቅርብ ዘመድ፣ በተለይ ለብዙ ጊዜ ላልተያዩት፣ ጉልበት መሳም ይገባል። አያቴ ቤት የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ስል እጃቸው ትከሻዬን ቀድሞ ይይዘዋል፣ «ተው ልጄ» እያሉ ያነሡኛል፣ ከዚያም ጉንጬን ደጋግመው ስመው «እደግ ተመንደግ!» ይሉኛል። ታላቁ ቢከለክሉም ታናሹ ዝቅ ማለቱን መተው የለበትም፤ ምርቃቱ የሚገኘው እዚያው ጎንበስ ካሉበት ነውና።

ካህን ሲያገኙ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅም ሆነ በቅዳሜ ገበያ መንገድ ላይ፣ እጅ ለመጨበጥ አይዘርጉ። ራስዎን ዝቅ አድርገው «አባቴ ይፍቱኝ» ይበሉ። ካህኑ ከጋቢያቸው እጥፋት መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታ» እያሉ ግንባርዎን ያስነኩዎታል፤ ከዚያም ወደ አፍዎ ሲያወርዱት ይሳሙት። ለቄስ «መምሬ»፣ ለመነኩሲት «እማሆይ» ማለት ይገባል፤ ለሁሉም «አንቱ» እንጂ «አንተ» ወይም «አንቺ» አይባልም።

ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ሲያልፉ «እግዜር ያበርታችሁ» ማለት ይበቃል፤ «አብሮ ያበርታን» ይሉዎታል።

እንግዳው ሲሄዱ እንደ አገባባቸው ሁሉ ተነሥተው ይሸኟቸው፤ ከግቢው በር ያስቀድሟቸው፣ ከዓይንዎ እስኪርቁም ድረስ በሩን አይዝጉ።