ልጃችሁ ሆስተስ ናት? ስለ ጠፈር ጨረር እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የአክስቴ ልጅ ሆስተስ ናት። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ቡናው ተፈልቶ ወሬው ሁሉ ስለ ሥራዋ ይሆናል። ዘንድሮ አክስቴ፣ «ልጄ፣ እላይ ጨረር አለ ይላሉ፤ ማታ ማታ ብቻ ብትበሪ አይሻልሽም?» አሏት።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ጨረሩን የፀሐይ ብቻ ማድረግ። አብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ ጠፈር ስለሆነ ቀንም ሌሊትም ያው ነው። የመስኮት መጋረጃም የፀሐይ ክሬምም አያቆመውም። እንዲያውም ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት መግነጢሷ ከሩቅ የሚመጣውን ስለሚገፋ መጠኑ ይቀንሳል። ድንገተኛ የፀሐይ ፍንዳታ ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው፣ በረራን በቁጥር ብቻ መመዘን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጨረሩ የሚከልለን አየሩ ነው፣ እንደ ጋቢ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጋቢው ይወፍራል፤ ጮቄ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ይሳሳል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚበሩት ደግሞ 11,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የምድር መግነጢስም ይከላከልልናል፤ እሱ በምድር ወገብ አካባቢ ይጠነክራል፣ ወደ ዋልታዎቹ ይደክማል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር በረራና አንድ የሰሜን አሜሪካ በረራ እኩል አይደሉም። ሰዓቱን፣ ከፍታውንና መስመሩን ቁጠሩ።

«መካን ያደርጋል» እያሉ ልጅን ከሥራው ማስቀረትም አለ። የበረራ ሠራተኞች በአብዛኛው በዓመት የሚያገኙት ከ2 እስከ 5 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር መለኪያ) ነው። ይህ መጠን መካን አያደርግም። ዓለም አቀፉ ምክር ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በአማካይ በዓመት 20 ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ እርግዝናን መደበቅ ነው። አገራችን ዓይን ይፈራል፤ ሆድ እስኪገፋ ዝም ይባላል። አበል ይቀርብኛል ብላ የምትደብቅም አለች። ለጽንሱ የሚመከረው ግን፣ እርግዝናው ለአሠሪ ከተነገረ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ፣ ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ነው። በሰዓት 5 ማይክሮሲቨርት (ሺው አንድ ሚሊሲቨርት ነው) በሚገኝበት መስመር ይህ በ200 ሰዓት ይሞላል። ለጎረቤት ባትናገሩ ግድ የለም። ለአለቃችሁና ለሐኪማችሁ ግን እንዳወቃችሁ ንገሩ።

የበረራ መዝገብን መጣልም ስህተት ነው። መጠኑ የሚሰላው ከመስመሩ፣ ከከፍታውና ከሰዓቱ ነው፤ መዝገቡ ካለ ከዓመታት በኋላም ይሰላል። የአክስቴ ልጅ አሁን እያንዳንዱን በረራ በደብተር ትጽፋለች። ደብተሩን የገዙላት እናቷ ናቸው።