የሽመንደፈርን የድንጋይ ግድግዳ በኖራ መጠገን

ሽመንደፈር የሚባለው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከገባ በኋላ በመስመሩ ላይ ከቆሙት ሕንፃዎች መካከል በድንጋይና በኖራ የተሠሩትን ክፉኛ የሚጎዳቸው በሲሚንቶ መጠገን ነው። ግድግዳው ከመሬት የሚስበውን እርጥበት የሚያስወጣው በድንጋዮቹ መካከል ባለው የኖራ መጋጠሚያ በኩል ነው። ሲሚንቶ ይህን መንገድ ሲዘጋው ውኃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ጨው ፊቱ ላይ ይደርቅና ድንጋዩን ይፈለፍለዋል። ውሎ አድሮ ሲሚንቶው እንደቆመ ድንጋዩ ይጎደጉዳል።

ሕንፃው የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይወሰዳል። ግድግዳው ሳይነካ በፊት እያንዳንዱ ፊት ፎቶ ይነሣ። ከዚያ ቆርቆሮውና አሸንዳው ይጠገን። ከላይ ውኃ እየወረደበት የተሞላ መጋጠሚያ አይቆይም።

ያልበረደ (ገና ውኃ ያልነካው) ኖራ ከተገኘ በውኃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ውኃ በኖራው ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። የበረደው ኖራ ውኃ እንደለበሰ ቢያንስ 3 ወር ይቀመጥ።

የላላው መጋጠሚያ በመሮና በቀላል መዶሻ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጠረግ። በኤሌክትሪክ መቁረጫ አይሞከር፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። የቀድሞው ሲሚንቶ በቀላሉ ከተላቀቀ ይነሣ፤ ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን መተው ይሻላል።

ድብልቁ 1 ባልዲ ኖራ ለ3 ባልዲ ሻካራ፣ የታጠበ አሸዋ ነው። አሸዋው በጠርሙስ ውኃ ተበጥብጦ ሲረጋ ከላይ ወፍራም የጭቃ ድርብ ካሳየ እንደገና ይታጠብ፤ ጭቃው መሰንጠቅ ያመጣል። ውኃ ማብዛትም እንዲሁ ነው። ኖራው በደንብ ከታሸ ራሱ ይለሰልሳል፤ ለማቅጠን አይቸኮል።

ከመሙላት በፊት ግድግዳው ይርጠብ፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውኃ መጦ ዱቄት ያደርገዋል። ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ እያንዳንዱ ድርብ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ የታችኛው ጠንከር ሲል የላይኛው ይከተላል። ድብልቁ ድንጋዩ ፊት ላይ አይቀባ።

በድሬ ፀሐይ ሥራው ማለዳ ወይም ጥላ ሲወርድ ይሁን። የተሞላው ግድግዳ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ1 ሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ በስሱ ይረጭ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ወራት ይፈጃል፤ በሁለተኛው ቀን በጥፍር ቢጫር የተበላሸ አይምሰል።