የእንጀራው ፌስታል ወዴት ይሂድ?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። አዲስ አበባ እያለን «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከተሰማ አለቀ። የተቀደደ ጀሪካን ይሁን የተሰበረ ሬዲዮ፣ በር ላይ ተከራክሮ ይወስዳል፣ ብርም ይሰጣል። እዚህ ቆራሌው እኔ ሆኛለሁ። ፖርቶ ባጋልዮ ውስጥ ሦስት ካርቶን አለኝ። የፎቃችን ሐበሾች ያከማቹትን አሮጌ ዕቃ ይሰጡኛል፣ እኔም በመንገዴ ወደሚቀበሉት ቦታ አደርሳለሁ።

በፌስታል ልጀምር፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ድሮ የእንጀራውን ፌስታል ሪሳይክል ገንዳ ውስጥ እከት ነበር። ለካ ፌስታል መለያው ማሽን ላይ ይጠመጠማል፣ ሠራተኞቹም ማሽኑን አቁመው በቢላ መቁረጥ አለባቸው። የፌስታል ቦታው የብዙ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች መግቢያ ላይ ያለው ሣጥን ነው። ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። የእንጀራ ፌስታል ደግሞ ውስጡ ላብ ነው። ገልብጡት፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ በጨርቅ ጠርጉት፣ አንድ ሌሊት ስቀሉት። የበርበሬውን እርሱት፤ ቢያጥቡትም አይለቅም፣ ቆሻሻ ውስጥ ይግባ። ፌስታሉ ይሆን አይሆን ከተጠራጠራችሁ በአውራ ጣት ግፉት። ከተለጠጠ ይሆናል። እንደ ቺፕስ ከረጢት ከተንኮሻኮሸ አይሆንም።

ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ (የስልክ፣ የላፕቶፕ፣ የድሪል) ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ (የቤት መሥሪያና መጠገኛ ዕቃ መደብሮች) ውሰዱ፤ መሰብሰቢያ ሣጥን አላቸው። ከዚያ በፊት ግን ብረቱ የሚታይበትን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ። እኔ ይህን ሳላውቅ የድሪል ባትሪ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩ። «የሆነ ነገር ይሸታል» ያለኝ ተሳፋሪ ነው። ቆሜ ስከፍተው ካርቶኑ ጠቁሯል። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ጭራሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትከቱት። መጀመሪያ 311 (የካውንቲው የመረጃ ስልክ) ደውላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት ላይ ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር ተከራክረናል። የሟች ባላቸው የደም ግፊት ኪኒን አንድ ከረጢት ሙሉ ነበር። «አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ልስጠው» አሉኝ። ግማሹ ጊዜው አልፎበታል። «እትዬ፣ ይሄ ስጦታ አይደለም» ብዬ አብረን አንድ ፋርማሲ ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ጨመርነው። ስም የተጻፈበትን ወረቀት ላጡ ወይም በእስክሪብቶ ሰርዙት። መርፌ ግን እዚያ አይገባም። በአቅራቢያችሁ ሣጥን ከሌለ በየዓመቱ ኤፕሪልና ኦክቶበር አካባቢ የሚደረገውን የመድኃኒት መሰብሰቢያ ቀን ጠብቁ። ሽንት ቤት ውስጥ አትድፉት።

ትልልቁን ዕቃ ሻዲ ግሮቭ ወዳለው የካውንቲው የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ እወስዳለሁ፤ ቀዩ የባቡር መስመር ከሚያልቅበት ሩቅ አይደለም። ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ነው። የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከብረታ ብረቱ፣ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ይሄዳል። ሜርኩሪ ያለበት ጠምዛዛ አምፖል ደግሞ ከአደገኛው ቆሻሻ ጋር። አምፖሉን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ እንዳይሰበር በእግራችሁ መሃል ያዙት፤ ፖርቶ ባጋልዮ ውስጥ ይንከባለላል። ስልክና ኮምፒውተር ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና አካውንታችሁን አጥፉ። የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ቤስት ባይም አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ይቀበላል፤ ከአንድ ቤት በቀን ሦስት ዕቃ ብቻ፣ ለቴሌቪዥን ደግሞ ያስከፍላል።

እስካሁን ወዴት እንደምወስደው የጠፋኝ የተሰበረ ጀበና ነው። ሸክላ ከጠርሙስ ጋር አይቀላቀልም። አንገቱ የተሰበረውን የእኛን ባለቤቴ አፈር ሞልታ መስኮት ላይ ጤና አዳም ተክላበታለች።