ስቶር እና አፕዴትን ጎን ለጎን ክፈቷቸው

ላራቬል (በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠራ የዌብ ፍሬምወርክ) የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ኮንትሮለር (ከተጠቃሚው የሚመጣውን ጥያቄ የሚያስተናግደው ክላስ) ውስጥ የተደገመ ኮድ ስትፈልጉ አዲስ መረጃ ከሚመዘግበው ስቶር እና ያለውን ከሚያርመው አፕዴት ሜተድ ጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የስም፣ የስልክ፣ የኢሜይል ቫሊዴሽን (የገባው መረጃ ደንቡን መከተሉን ማጣራት) ሁለቱም ጋ ኮፒ ፔስት ተደርጎ ታገኙታላችሁ። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ሲረሳ ነው። ደንበኛ ሲመዘገብ ስልክ ግዴታ ይሆናል፤ መረጃው ሲታረም ግን ባዶው ዝም ብሎ ያልፋል።

መፍትሔው ፎርም ሪኩዌስት፣ ማለትም የማጣሪያ ደንቦቹን ለብቻው የሚይዝ ክላስ ነው። በአርቲሳን (የላራቬል የትእዛዝ መስመር መሣሪያ) አንድ የሪኩዌስት ክላስ ፍጠሩ፣ ደንቦቹን ሩልስ ውስጥ አስገቡ፣ ሁለቱም ሜተዶች ያንኑ ክላስ ይቀበሉ። ለኮንትሮለሩ የሚቀረው በቫሊዴትድ የተጣራውን ዳታ መውሰድ ብቻ ነው። በጣም ነው የሚቀለው!

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። አርቲሳን የፈጠረው ክላስ ውስጥ ፈቃድ የሚያጣራው ኦቶራይዝ ፎልስ (አይፈቀድም) ነው የሚመልሰው። ካልነካችሁት 403 (የተከለከለ) የሚል ስህተት ይመጣል። ፈቃዱን ሌላ ቦታ የምታጣሩ ከሆነ ትሩ አድርጉት። ኢሜይሉ ላይ ዩኒክ (እንዳይደገም የሚከለክል ደንብ) ካለ ደግሞ የሚታረመው ሰው ራሱ እንዲዘለል አይዲውን በኢግኖር ስጡት። አለዚያ ስሙን ብቻ ሊያስተካክል የገባ ሰው በገዛ ኢሜይሉ «ተይዟል» ይባላል።

ኮንትሮለሮቹ ብዙ ከሆኑ በዓይን መልቀም አያዋጣም። ጄኤስሲፒዲ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ፒኤችፒም ያነባል፤ የተደገመውን ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያችኋል። ያወጣውን ሁሉ ግን አታዋህዱ። የደንበኛ ፎርም እና የሠራተኛ ፎርም ዛሬ ቢመሳሰሉም ነገ ለየብቻ ነው የሚቀየሩት፤ እነሱን ተዋቸው።