ፓሪስ ላይ ቤት በኤርቢኤንቢ ስታከራዩ የሚያስቀጧችሁ ስህተቶች

ቤታቸውን በኤርቢኤንቢ (ቤት ለአጭር ጊዜ ለእንግዳ በሚከራይበት የኢንተርኔት ድርጅት) ለሚያከራዩ ሰዎች እየሠራሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቁልፍ ተሸክሜ ፓሪስን ዞሬያለሁ። አንሶላ እቀይራለሁ፣ እንግዳ አስገባለሁ፣ ባለቤቶቹ ፎርም መሙላት ሲሰለቻቸው እሱንም እሞላለሁ። በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ ስልኬ ይጮኻል። «ለሁለት ወር አገር ቤት ልሄድ ነው። ቤቱን ባዶ ከምተወው ኤርቢኤንቢ ላይ ላውጣው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ቤቱ የማን ነው?»

ዝምታ።

ከዚችው ዝምታ ልጀምር። የተከራያችሁትን ቤት ያለ አከራዩ ፈቃድ ለእንግዳ መስጠት! ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አፌ ዝሏል። «ኪራዩን በሰዓቱ እከፍላለሁ፣ እሱ ምን አገባው?» ይሉኛል። ያገባዋል እንጂ! የ1989 የኪራይ ሕግ አንቀጽ 8 አከራዩ በጽሑፍ መስማማት አለበት ይላል። ደረጃ ላይ ስታገኙት «ችግር የለም» ማለቱ አይቆጠርም። እሺ፣ በጽሑፍ ፈቀደ እንበል። አሁንም ትርፍ የለውም። ለእንግዳው የምታስከፍሉት በካሬ ሜትር ሲሰላ እናንተ ከምትከፍሉት መብለጥ አይችልም። እዚህ ላይ ስደርስ ግማሾቹ ስልኩን ይዘጉታል።

ያልዘጉት ደግሞ «ማን ያውቅብኛል?» ይላሉ። በሴፕቴምበር 2019 የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ተከራይ ሳያስፈቅድ አከራይቶ ያገኘው ገንዘብ የባለቤቱ ነው ብሎ ወስኗል። ልብ በሉ፣ ይህ መቀጮ አይደለም። የሰበሰባችሁት ኪራይ ራሱ ነው የሚወሰደው። በዚያ ክርክር እንዲመለስ የታዘዘው ከ27,000 ዩሮ በላይ ነበር። ውላችሁ ሊፈርስ የሚችለው ከዚያ በተጨማሪ ነው።

ቤቱ አሽኤልኤም (በድጎማ በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት) ከሆነማ ጭራሽ አታስቡት። በድጎማ የተሰጠን ቤት ለቱሪስት ማከራየት ክልክል ነው፣ 9,000 ዩሮ ቅጣትም ተጽፎበታል። ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው ነበሩ። ያንን ቤት ለማግኘት ዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። ክረምቱን አዲስ አበባ ሲሄዱ ልጃቸው «አባዬ ሲመለስ ብር እሰጠዋለሁ» ብሎ ለቱሪስት አወጣው። ፎቶው ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማርያም ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ ጀበናው፣ መስኮቱ ላይ እሳቸው ራሳቸው የሰፉት መጋረጃ። የሕንፃው ጠባቂ ሴትዮ በአንድ እይታ አወቀችው። ጋሼ ሲመለሱ የጠበቃቸው ቤቱን ልቀቁ የሚል ደብዳቤ ነው። ዛሬ ከልጃቸው ጋር በሁለት ክፍል ይኖራሉ። ልጁን አንድም ቀን ሲቆጡት አልሰማሁም፣ አለመቆጣታቸው ነው እኔን የሚከነክነኝ።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰው ሁለተኛ ቤቱን ሬዚዳንስ ፕራንሲፓል፣ ማለትም ዋና መኖሪያ፣ ነው ብሎ ያስመዘግባል። ዋና መኖሪያ የሚባለው በዓመት ቢያንስ ስምንት ወር የምትኖሩበት ነው። ሥራ፣ ሕመም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካላራቃችሁ በቀር። ሁለት ዋና መኖሪያ የለም። የግብር ወረቀታችሁ የሚመጣው ሌላ አድራሻ ላይ ከሆነ እናንተው በራሳችሁ ላይ መሰከራችሁ ማለት ነው። አንዲት ወዳጄ ከከተማው ወጣ ብላ እየኖረች መሀል ፓሪስ 18 ካሬ ስቱዲዮ ገዛች። «አልፎ አልፎ አድርበታለሁ» አለችኝ። አልፎ አልፎ ስምንት ወር አይሞላም።

እንዲህ ያለውን ቤት በሕጋዊ መንገድ ለቱሪስት ለማከራየት የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓሪስ ደግሞ ምትክ ትጠይቃለች። ከመኖሪያነት ለምታወጡት ቤት፣ ሱቅ ወይም ቢሮ የነበረ ቦታ ወደ መኖሪያ መቀየር አለበት፤ በአንዳንድ ሰፈሮች የቤቱ ስፋት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ። ለ18 ካሬ ይህን የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳያስፈቅዱ መሥራት እስከ 100,000 ዩሮ ያስቀጣል። በኖቬምበር 2024 የወጣው፣ በምክር ቤት አባሏ በአናይግ ለ መር ስም የሚጠራው ሕግ ነው ከ50,000 ያሳደገው። ፍርድ ቤት ቤቱን ወደ መኖሪያነት መልሱ ብሎ ከዘገያችሁ፣ በቀን በካሬ ሜትር እስከ 1,000 ዩሮ ይጨመርበታል። ወዳጄ ስቱዲዮውን በወር ለሚከፍል ተማሪ ሰጠችው። ገቢው አነሰ፣ እንቅልፏ ግን ተመለሰ።

ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፍ የምዝገባ ቁጥር ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ግዴታ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሆኖም አንዱ ብልጥ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ላይ ያየውን ቁጥር ገልብጦ የራሱ ላይ ለጠፈ። ቁጥሩ 13 አሃዝና ፊደል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ቤቱ ያለበትን ወረዳ ይናገራሉ። የሱ ቤት 18ኛው ወረዳ፣ የቁጥሩ መነሻ 75104። ማለትም 4ኛው ወረዳ! ሐሰተኛ ቁጥር አሁን እስከ 20,000 ዩሮ ያስቀጣል። ያለ ቁጥር ማስታወቂያ ማውጣት ለድርጅቶቹም አልቀለላቸውም። በጁላይ 2021 ፍርድ ቤት 1,010 ቁጥር የሌላቸው ማስታወቂያዎችን በማውጣቱ ኤርቢኤንቢን ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጥቶታል።

ቀን አቆጣጠር ላይ እኔም ወድቄያለሁ፣ ስለዚህ አልሳደብም። ዋና መኖሪያን ሙሉውን ለቱሪስት ማከራየት የሚቻለው በዓመት ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው። ድሮ 120 ነበር። ፓሪስ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ 90 አውርዳዋለች። በ120ው ዘመን አንድ ደንበኛዬን በሁለት ድርጅት አወጣሁለት። አንዱ ላይ 70፣ ሌላው ላይ 60። ሁለቱም ከ120 በታች ናቸው ብዬ ተኛሁ። ገደቡ ግን በድርጅት ሳይሆን በቤት ነው። ድምሩ 130! ኖቬምበር ላይ ባንኜ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት የያዘ አንድ ቤተሰብ ሰረዝኩ። የጻፉልኝን መልስ እዚህ አልደግመውም። አሁን ገደቡን ያለፈ እስከ 15,000 ዩሮ ይቀጣል። ዓመቱ ደግሞ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው። ገደቡን ከ120 ማውረድ የየከተማው ምርጫ ስለሆነ ሊዮን ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤታችሁን ጠይቁ።

የሕንፃውን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው፣ አንብቡት። የ2024ቱ ሕግ በአንዳንድ ሕንፃዎች ባለቤቶቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ዋና መኖሪያ ባልሆኑ ቤቶች ቱሪስት እንዳይገባ እንዲከለክሉ ፈቅዷል። ጎረቤት በደረጃው ላይ የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲሰማ ምን እንደሚመርጥ አትጠይቁኝ።

ግብር፦ ገቢውን አሳውቁ። ድርጅቶቹ የከፈሏችሁን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይልካሉ። ከ2025 ገቢ ጀምሮ ደረጃ (ኮከብ) ላልወጣለት ቤት ለወጪ ተብሎ የሚቀነሰው 30 በመቶ ብቻ ነው፣ ያውም እስከ 15,000 ዩሮ ገቢ።

የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ የፖሊስ ፎርም አስሞሉ፣ ስድስት ወር አስቀምጡት። ማንም አያደርገውም፣ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ይንቀጠቀጣል።

የቁልፍ ሣጥን መንገድ ላይ አትስቀሉ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ በመንገድ መብራትና በብስክሌት ማሰሪያ ላይ የተሰቀሉትን እያነሳ ነው። የኔም አንዱ ብስክሌት ማሰሪያ ላይ ነበር። እንግዶቹ ማታ በዝናብ ደርሰው ደወሉልኝ። «ሣጥኑ የለም» አሉ። አለ ብዬ ተከራከርኩ፣ ካሜራ አብርተው ባዶውን ብረት አሳዩኝ። በፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ትርፍ ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የማስረክበው በእጄ ነው። ባቡር ከዘገየ ሥር ያለው ካፌ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አስተናጋጁ አሁን ሳልናገር ማኪያቶ ያመጣልኛል።