ስለ ውርጭና ስለ ሳይቤሪያ ብርድ የምንሳሳተው

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ማለዳ ደጅ ያደረ የሳፋ ውኃ ስስ በረዶ ለብሶ ሲገኝ፣ «የሳይቤሪያ ብርድ መጣብን» የሚል አይጠፋም። ስህተት ነው። ሳይቤሪያና ሞንጎሊያ ላይ የሚተኛው ከፍተኛ የአየር ግፊት በበጋችን ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ደረቅ አየር ውስጥ ድርሻ አለው፤ ሰማያችን እንዲጠራ ያግዛል። ውርጩን የሚሠራው ግን እዚሁ የእኛው ሌሊት ነው። (የእነሱ «ክረምት» የእኛ በጋ መሆኑንም የሚዘነጋ አለ። ሐምሌ ላይ ያ ግፊት በቦታው የለም።)

«ሰማዩ ጠርቷል፣ ዛሬ አይበርድም» ማለትም ያስከፍላል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይይዘዋል፣ ከሌለ ያመልጣል። በሳይቤሪያ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ በረዶው ያቺኑ ጥቂት ፀሐይ ይመልሳል። መሬት ላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከላይ የሚወርደው አየር ደግሞ ደመናውን ያጠፋል። ሰማዩ ስለጠራ ብርዱ ይብሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ስለ ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። የአጎቴ ባቄላ አንድ ሌሊት ሲመታ፣ ከታች ያለው የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጠቁሮ፣ ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለው አበባውን እንደያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ የተለካባት የሳይቤሪያዋ መንደር ኦይምያኮንም ያለችው ሸለቆ ውስጥ እንጂ ተራራ አናት ላይ አይደለም። ነፋስ ያለበት ሌሊት ሰውን ቢያንገበግብም አየሩን ስለሚያደባልቅ ለባቄላው ይሻላል።

ትንበያው «3 ዲግሪ» ካለ ውርጭ የለም ብሎ መተኛትም አለ። መለኪያው የሚቀመጠው በሰው ቁመት ግድም ነው፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ቅጠሉ ያለበት ቦታ ከዜሮ ሊወርድ ይችላል።

በመጨረሻ፣ የግፊት ቁጥር ሲያወዳድሩ ከፍታን መርሳት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መሣሪያ በቀጥታ የሚያነበው ከ730 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ብዙም አይርቅም። ስልክ ላይ ከ1,000 በላይ የሚታየው ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ ነው፤ ማለትም ቦታው ከባሕሩ እኩል ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ስንት ይሆን እንደነበር ተገምቶ። በሳይቤሪያዋ አጋታ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1968 የተመዘገበው 1083.8 የሚታመነው ቦታው ዝቅተኛ ስለሆነና ስሌቱ ብዙ ስለማይጨምርበት ነው፤ ከፍ ካሉት የሞንጎሊያ ጣቢያዎች የመጡት የበለጡ ቁጥሮች እስካሁን ያከራክራሉ።