ሁለተኛ ቤት በኪሳራ ሲሸጥ፦ የአሜሪካ ፌዴራል ግብር አያያዝ

በአሜሪካ ፌዴራል የገቢ ግብር ሕግ፣ ሁለተኛ ቤት ሲሸጥ የደረሰ ኪሳራ ከገቢ ላይ መቀነስ አለመቀነሱን የሚወስነው የኪሳራው መጠን ሳይሆን ቤቱ ሲሰጥ የቆየው አገልግሎት ነው። ባለቤቱና ቤተሰቡ ለዕረፍት ብቻ ሲጠቀሙበት የኖሩት ቤት የግል መገልገያ ንብረት ስለሚባል፣ ኪሳራው ከደመወዝም ሆነ ከአክሲዮን ትርፍ ላይ አይቀነስም፤ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይሸጋገርም። ያው ቤት በትርፍ ቢሸጥ ግን ትርፉ ግብር ይከፈልበታል። ብዙዎች ይህን ፍርደ ገምድል ነው ይሉታል፤ ቅሬታው ቢገባኝም ሕጉ ግልጽ ስለሆነ በዚህ ላይ መከራከር አያዋጣም።

በመጀመሪያ ኪሳራው በግብር ስሌትም ኪሳራ መሆኑን ያረጋግጡ። ቤቱ የተገዛበትን ዋጋ ይውሰዱ፤ በግዢው ጊዜ የተከፈሉትን እንደ ባለቤትነት ኢንሹራንስና የምዝገባ ክፍያ ያሉ ወጪዎች፣ እንዲሁም እንደ አዲስ ጣሪያ ወይም ተጨማሪ ክፍል ያሉ ዘላቂ ማሻሻያዎችን ይደምሩ፤ ቤቱ ተከራይቶ ከነበረ የእርጅና ቅናሹን፣ ማለትም ቤቱ በማርጀቱ ምክንያት በየዓመቱ ከኪራይ ገቢ ላይ እንዲነሳ የሚፈቀደውን የዋጋውን ክፍል፣ ይቀንሱ። የሚገኘው የግብር መነሻ ዋጋ ነው። ከሽያጩ ዋጋ ላይ የደላላ ኮሚሽንና ሌሎች የመሸጫ ወጪዎች ከተነሱ በኋላ የቀረው ከዚህ መነሻ ዋጋ ካነሰ ኪሳራ አለ። የባንክ ዕዳ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ዕዳው ተከፍሎ በእጁ ምንም ያልቀረለት ሻጭ በግብር ዓይን አትራፊ ሊሆን ይችላል። ኪራይ እያስገባ የእርጅና ቅናሹን ሳይጠይቅ የቀረ ሰውም፣ ሊጠይቅ ይችል የነበረው መጠን ከመነሻ ዋጋው ላይ ይቀነስበታል።

ቀጥሎ ቤቱ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ይለዩ። በእውነት የተከራየ ወይም ባለቤቱ ሳይገለገልበት ለኢንቨስትመንት ብቻ ያቆየው ቤት ከሆነ ኪሳራው ሊቀነስ ይችላል። ነገር ግን ዋጋው ይጨምራል የሚል ተስፋ ብቻውን የዕረፍት ቤትን ኢንቨስትመንት አያደርገውም፤ ለሽያጭ ማስታወቂያ ማውጣትም እንዲሁ። ባለቤቱ በዓመት ውስጥ ከ14 ቀን ወይም ቤቱ በተገቢ ዋጋ ከተከራየባቸው ቀናት 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው በላይ በግል ከተጠቀመበት፣ ቤቱ በዚያ ዓመት እንደ መኖሪያ ይቆጠራል። ይህ መለኪያ በቀጥታ የሚገዛው የኪራይ ወጪዎችን ቅናሽ ነው፤ ሆኖም ስለ ኪሳራው ክርክር ቢነሳ የግል አጠቃቀሙ ብዛት በሻጩ ላይ ማስረጃ ይሆናል። የልጅ፣ የወላጅ ወይም የወንድም ነፃ ቆይታ እንደ ባለቤቱ የራሱ ቆይታ ይታያል።

የዕረፍት ቤትን ከመሸጡ በፊት አከራይቶ ኪሳራውን ማዳን ይቻላል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ በከፊል ትክክል ናቸው። ቤቱ ወደ ኪራይ ሲዞር ለኪሳራ ስሌት የሚያገለግለው መነሻ ዋጋ፣ ከነባሩ መነሻ ዋጋና ቤቱ በተዞረበት ዕለት ከነበረው የገበያ ዋጋ ዝቅተኛው ነው። ለምሳሌ ነባር መነሻ ዋጋው 420,000 ዶላር የሆነ ቤት ለኪራይ በዋለበት ዕለት የገበያ ዋጋው 360,000 ዶላር ነበር እንበል። በኪራይ ዘመኑ 12,000 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ተወስዶ፣ ወጪው ተነስቶ በ330,000 ዶላር ቢሸጥ፣ የሚቀነሰው ኪሳራ ከ348,000 ዶላር ጋር ያለው ልዩነት፣ ማለትም 18,000 ዶላር ነው። ከኪራዩ በፊት የወረደው 60,000 ዶላር የግል ኪሳራ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቤቱ ለኪራይ በሚውልበት ወቅት የንብረት ገማች የጽሑፍ ግምት እንዲሰጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ዋጋ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

የሚሸጡት ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለወንድም ወይም ለእህት ከሆነ፣ ቤቱ የኪራይ ቢሆንና ዋጋውም ትክክለኛ ቢሆን እንኳ ኪሳራው አይቀነስም። የአጎት ልጅና አማት በዚህ ክልከላ ውስጥ የሉም። በውርስ ለተገኘ ቤት መነሻ ዋጋው በአጠቃላይ አውራሹ በሞተበት ዕለት የነበረው የገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ ወራሾቹ ሳይገለገሉበት ቢሸጡት የሚደርሰው ኪሳራ ሊቀነስ ይችላል።

ከዚያ ቅጽ መሙላት ይቀራል። የኪራይ ቤት ሽያጭ በአብዛኛው በፎርም 4797 ይገለጻል፤ እንዲህ ያለውን ኪሳራ ቀጥሎ የሚገለጸው ዓመታዊ የካፒታል ኪሳራ ገደብ አይመለከተውም። ለኢንቨስትመንት የተያዘ፣ ያልተከራየ ቤት በፎርም 8949 እና በስኬጁል ዲ ይገባል፤ ኪሳራው መጀመሪያ ከካፒታል ትርፍ፣ ማለትም እንደ አክሲዮን ያለ ንብረት ሲሸጥ ከሚገኝ ትርፍ፣ ላይ ይነሳል፤ ከተረፈ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ለየብቻ ካሳወቁ ለእያንዳንዳቸው እስከ 1,500 ዶላር፣ ከሌላ ገቢ ይቀነሳል፤ ቀሪው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሸጋገራል። የግል ቤት ሻጭም ፎርም 1099-ኤስ (የቤት ሽያጭ ገቢን ለሻጩና ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቅ ቅጽ) ከደረሰው ኪሳራው ባይቀነስለትም ሽያጩን ማሳወቅ አለበት። በፎርም 8949 ላይ ኪሳራው የማይቀነስ መሆኑን የሚያመለክተውን «ኤል» (L) የሚለውን ኮድ ጽፎ፣ በማስተካከያው ዓምድ የኪሳራውን መጠን በአዎንታዊ ቁጥር ያስገባል፤ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል። ይህን መዝለል አደገኛ ነው፤ የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት የሽያጩን ዋጋ ስለሚያውቅ፣ መነሻ ዋጋውን ሳያይ ሙሉውን ትርፍ አድርጎ የጥያቄ ደብዳቤ ሊልክ ይችላል።

ቤቱ ከአሜሪካ ውጭ የሚገኝ ከሆነ የግዢው ዋጋ በግዢው ዕለት፣ የሽያጩ ዋጋ ደግሞ በሽያጩ ዕለት በነበረው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለወጣል፤ በዚህም ምክንያት በአገሩ ገንዘብ ያተረፈ ሽያጭ በዶላር ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ያ ኪሳራም ቢሆን ቤቱ የግል መገልገያ ከነበረ አይቀነስም።